ኪስ ሲሳሳ ፍቅርም ይሳሳል እንዴ?! ቅዳሜን በወክ፤ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ

ቅዳሜ ጠዋት አንዱን የአዲስ አበባ ወጣት አስቁማችሁ "ዛሬ ምን አስበሃል?" ብትሉት መልሱ ከሦስት አያልፍም። አንደኛው "ምንም!" ነው። ሁለተኛው "ካፌ ቁጭ እንላለን" ሲሆን ሦስተኛው ደግሞ "ብር የለኝም ባክህ፣ ተኝቼ እውላለሁ" የሚል ነው። ሳምንቱን ሙሉ በሥራና በታክሲ ሰልፍ ሲንገላታ የሰነበተ ሰው፣ ያቺን አንዲት ቀኑን አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲነካካ ያመሽና ሰኞ ሲመጣ "ዊክኤንዱ የት ገባ?" ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። "መዝናናት ማለት ብር ማውጣት ነው" የሚለው አስተሳሰብ ስንቱን ከጓደኛው፣ ስንቱን ከፍቅረኛው፣ ስንቱንም ከገዛ ከተማው እያቆራረጠ ነው። ለዚህም ነው በዛሬው ዝግጅታችን ኪሳችሁን ሳታራቁቱ ቀኑን ደስ ብሏችሁ የምትውሉበትን መላ ይዘን የቀረብነው። መላው አዲስ አይደለም። አባትና እናቶቻችሁ በወጣትነታቸው አሳምረው ያውቁታል። ስሙም "ወክ" ይባላል!

"ሌላ ይዞ ነው!"

እስቲ የሁለት ወጣቶችን ነገር እናንሳ። ስማቸው ምን ያደርግላችኋል? እሱ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። እሷ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ከተዋወቁ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። መጀመሪያ አካባቢ ቅዳሜ ማለት ለእነሱ ዓመት በዓል ነበር። ምሳ፣ ከምሳ በኋላ ኬክና ማኪያቶ፣ ማታ ደግሞ እራት። ሒሳቡን የሚዘጋው ሁልጊዜ እሱ ነው። እሷ ቦርሳዋን ልትከፍት ስትል "ኧረ በፍጹም!" ይላል። ወንድነት ነዋ!

ኑሮው እየተወደደ መጣ። የቤት ኪራይ ጨመረ። በዚያ ላይ የታናሽ እህቱን የኮሌጅ ክፍያ የሚችለው እሱ ነው። ቀስ በቀስ እነዚያ ቅዳሜዎች መጥፋት ጀመሩ። "ዛሬ ሥራ አለብኝ።" "ዛሬ ትንሽ አሞኛል።" "ዛሬ የአጎቴ ልጅ ከክፍለ ሀገር ሊመጣ ነው።" በኋላማ ስልኩ ሲጠራ እያየ የማያነሳበት ቀን መጣ።

እሷ ታዲያ ምን ታስብ? ጓደኞቿ ቀድመው ፈርደዋል፤ "ሌላ ይዞ ነው!" እሷም አመነች። አመነችና ዝም አለች። እሱ በበኩሉ ዝምታዋን ሲያይ "አሃ! ብር ስለሌለኝ ንቃኛለች" ብሎ ደመደመ። አያችሁልኝ? ሁለቱም ይዋደዳሉ፣ ሁለቱም ተሳስተዋል፣ ፍቅራቸው ግን አንድ ሐሙስ ነበር የቀረው።

በመጨረሻ የደፈረችው እሷ ናት። "መለያየታችን ካልቀረ ተነጋግረን እንለያይ። ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ጠብቀኝ። ካፌ ግን አልገባም፤ በእግራችን ነው የምንሄደው" አለችው። የሆነውን ቆየት ብለን እንነግራችኋለን። መጀመሪያ ግን የሄዱበትን መንገድ እናሳያችሁ።

ጉዞው ከአራት ኪሎ ይጀምራል

ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ቢለካ ከአንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ችኩል ሰው በሃያ ደቂቃ ይጨርሰዋል። እናንተ ግን ቀኑን ሙሉ ትውሉበታላችሁ! መንገዱ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ በዝግታ ዳገት ነው፤ ስለዚህ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለውን አትርሱ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከዝቅተኛ ቦታ እንግዳ ከመጣባችሁ አታጣድፉት፤ ትንፋሽ ያጥረዋል።

መነሻችሁ አደባባዩ ላይ ያለው የሚያዝያ 27 ሐውልት ይሁን። ስንቶቻችን በታክሲ ስናልፍ አይተነዋል፤ ስንቶቻችን ግን ቀኑን እናውቀዋለን? የፋሺስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ወደ ከተማዋ የገቡት ደግሞ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ቀኑ የተገጣጠመው በአጋጣሚ አይደለም፤ ጠላት በገባበት ቀን ባለቤቱ ይግባ ተብሎ ነው። የነፃነት፣ የድል ወይም የአርበኞች ቀን እያልን የምናከብረው ይኸንን ነው።

ሆዳችሁን ባዶ አድርጋችሁ አትጀምሩ። በየጥጋጥጉ ካሉት ቁርስ ቤቶች ፉል ወይም ጨጨብሳ ለሁለት አንድ ሰሃን አዝዙ፣ በሻይ አወራርዱት። አንድ ሰሃን ለሁለት ሲበላ ደግሞ ፍቅር ይጨምራል እንጂ ክብር አይቀንስም!

አራት ኪሎን ስታነሱ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አለማንሳት አይቻልም። የተመሠረተው በ1914 ዓ.ም. ሲሆን ስሙን የያዘው ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1917 ዓ.ም. ነው። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ በ1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ሲፈሉ የሚታተሙት እዚያው ነበር። ያን ጊዜ አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ መግዛት ያቃተው በኪራይ ያነብ ነበር። የዛሬ ወጣት ይገርመው ይሆናል፤ ነገር ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ፣ አንብቦ የሚመልስ ትውልድ ነበር። ኪስ መሳሳት ዛሬ አልተጀመረም ለማለት ያህል ነው።

ሥላሴ ግቢ፤ ዝምታው ብቻውን ይበቃል

ከአደባባዩ ወረድ ብሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አለ። ባለቅዳሴው ሰዓት ካለፈ በኋላ ግቢው ጸጥ ያለ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አፅም በክብር ያረፈው እዚህ ነው። ንጉሡ የሞቱት በ1967 ዓ.ም. ቢሆንም እዚህ የተቀበሩት ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው።

ወደ መቃብሩ ሥፍራ ስትሄዱ አርበኞችን፣ ደራሲያንንና ሹማምንትን ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን እዚህ ነው። ለኢትዮጵያ ነፃነት በብዕሯ የተሟገተችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስትም እዚህ ናት። ሲልቪያ ያረፈችው በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከአገሯ ርቃ መጥታ በእኛ አርበኞች መካከል የተቀበረች ሴት! እዚያ ቆሞ ስለ ማኪያቶ ዋጋ መጨነቅ ትንሽ ያሳፍራል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ቤተ ክርስቲያን ነውና አለባበሳችሁ የተጠነቀቀ ይሁን። እህቶቻችን ነጠላ ቦርሳቸው ውስጥ ቢይዙ አይከፋም። ወደ ውስጥ የሚገባ ጫማውን ያወልቃል። እጅ ለእጅ ተያይዞ መሳሳቅ ደግሞ ለሌላ ቦታ ይቆይ።

አምስት ኪሎ፤ ከእመቤቲቱ ጋር ቀጠሮ

ከአራት ኪሎ ሳትርቁ በዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ ውስጥ የእንስሳት ሙዚየም እንዳለ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ከአገራችን አራዊትና አዕዋፍ ብዙዎቹን በአንድ ጣሪያ ሥር ታያላችሁ። ይህ ካልሳባችሁ እያዘገማችሁ ወደ አምስት ኪሎ ውጡ። ብሔራዊ ሙዚየም የሚገኘው እዚያ ነው።

የሙዚየሙ እመቤት ድንቅነሽ ናት። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ሥፍራ ስትገኝ 40 ከመቶ የሚሆነው የአፅሟ ክፍል አብሮ ተገኝቷል። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ዓለም "ሉሲ" የሚላት ያገኟት ተመራማሪዎች በዚያ ምሽት በሠፈራቸው የቢትልስን ዘፈን ያዳምጡ ስለነበር ነው። ለሕዝብ እንዲታይ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ቅጂው ሲሆን ትክክለኛው አፅም በጥንቃቄ ተቆልፎበት ይኖራል። እሱም ቢሆን መንገድ ሳይወጣ አልቀረም፤ በ1999 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዶ በ2005 ዓ.ም. ነው የተመለሰው።

ሌላም አለች። በ1993 ዓ.ም. በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራ ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃን ሰላም ትባላለች። ጋዜጦች "የሉሲ ልጅ" ብለው ጻፉ። ነገር ግን ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው! እንግዲህ ልጅ ከእናቷ በመቶ ሺህ ዓመት ስትበልጥ ምን ይባላል? ጋዜጠኛ ሁሉ ያለውን አትመኑ።

ሙዚየሙ ውስጥ የንጉሡን በእንጨት የተቀረጸ ትልቅ ዙፋንም ታያላችሁ። መግቢያው ለኢትዮጵያዊ የሚያስከፍለው ከውጭ ዜጋ ያነሰ ነው። ለሁለት ሰው ቢከፈል እንኳ ከቦሌ አንድ ኬክና ማኪያቶ አይብስም ብለን እንገምታለን። ልዩነቱ ኬኩ በአሥር ደቂቃ ያልቃል፤ የሙዚየሙ ወሬ ግን ሳምንት ያወራል።

ስድስት ኪሎ፤ የሦስት ቀን ዋይታ

ምሳችሁን በአካባቢው ካሉት የተማሪ ምግብ ቤቶች ሽሮ ወይም በያይነቱ በልታችሁ ወደ ስድስት ኪሎ ቀጥሉ። አደባባዩ ላይ የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ የፋሺስት ወታደሮችና ጥቁር ሸሚዞች ሦስት ቀን ሙሉ የከተማዋን ሕዝብ ጨፈጨፉ፣ ቤቱን ከነሰዉ አቃጠሉ። የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ያበጁት ሐውልት ዙሪያውን የተቀረጸው ይኸው ነው። ዞር ዞር ብላችሁ ፊቶቹን አንድ በአንድ ተመልከቷቸው። በታክሲ መስኮት የማይታይ ነገር ነው።

ቦምቡ የተወረወረው የት ነበር? እዚያው ፊት ለፊት! ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሆነው ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በዚሁ ቤተ መንግሥት በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ወቅት እነ ራስ አበበ አረጋይ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። በየካቲት 1957 ዓ.ም. "መሬት ለአራሹ!" እያሉ ወደ ፓርላማ የወጡት ተማሪዎችም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ነበሩ።

ቤተ መንግሥቱ አሁን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው። የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይታያል። ከሕንፃው ፊት ለፊት ጣሊያኖች የሠሩት ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን አንድ አንድ ዓመት እንዲያመለክት ነበር የታሰበው። ዛሬ ጫፉ ላይ ጉብ ያለው ግን የይሁዳ አንበሳ ነው! ደረጃዎቹ ስንት እንደሆኑ እኛ አንነግራችሁም፤ ሄዳችሁ ቁጠሩ።

እግራችሁ ካልደከመ ከዚህ በላይ ሽሮ ሜዳ አለላችሁ። የዶርዜ ሸማኔዎች የሠሩትን ቀሚስና ጋቢ ማየት በነፃ ነው። እግራችሁ ከደከመ ደግሞ ረከቦት የዘረጋች እህት ፈልጋችሁ ዱካ ላይ ቁጭ በሉና የጀበና ቡና ጠጡ።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል

አሁን ወደ ሁለቱ ወጣቶች እንመለስ። አራት ኪሎ ሲገናኙ ሰላምታቸው የባዕድ ነበር። ሥላሴ ግቢ ውስጥ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሙዚየም ገብተው የድንቅነሽን ቁመት ሲያዩ ግን እሷ "እናቴን ታክላለች" ብላ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። የስድስት ኪሎውን ሐውልት ዞረው ሲጨርሱ፣ ሳይጠየቅ፣ ወደ ፊት እያየ ደመወዙን ነገራት። የቤት ኪራዩን፣ የእህቱን ክፍያ፣ ከሥራ ባልደረባው የተበደረውን አንድም ሳያስቀር ዘረገፈው።

አቅፋ አባበለችው ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። እሷ ተናደደች! "ሦስት ዓመት ሙሉ እኔን ማን አድርገህ ነው የቆጠርከኝ? ለኬክ የመጣሁ መሰለህ?" ብላ እያለቀሰች ጥላው ወደ ሽሮ ሜዳ አቅጣጫ መራመድ ጀመረች። እሱም ተከተላት። የከፋት ድህነቱ አይደለም፤ ውሸቱ ነው። "አሞኛል" ያላት ቀን መድኃኒት ይዛ ቤቱ ድረስ ሄዳ አጥታው ነበርና።

ያን ቀን ሁሉም ነገር አልተፈታም። እስካሁንም አልተጋቡም። ነገር ግን ሁለት ስምምነት አድርገዋል። አንደኛ፣ በወር ሁለት ቅዳሜ በእግር ይሄዳሉ፤ ወጪውን ተራ በተራ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ስልክ ሲደወል ይነሳል፤ "ዛሬ ብር የለኝም" ማለት ይፈቀዳል፣ "አሞኛል" ብሎ መዋሸት ግን አይፈቀድም።

ለምን ካፌ ውስጥ ያልወጣው ነገር መንገድ ላይ ወጣ? ካፌ ውስጥ ፊት ለፊት ነው የምትቀመጡት። ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ፣ አስተናጋጁ ይመላለሳል፣ ሒሳቡ ይመጣል። ስትራመዱ ግን ጎን ለጎን ናችሁ፤ ሁለታችሁም የምታዩት መንገዱን ነው። ዝም ብትሉም ዝምታው አያስጨንቅም። የከበደ ነገር ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ከመውጣታችሁ በፊት

1. በሩጫ አታድርጉት። በአንድ ቀን ከሁለት ሙዚየም በላይ አትግቡ። ቦታ ለመቁጠር ሳይሆን ለመዋል ነው የወጣችሁት። ሙዚየሞቹ በዊክኤንድ የሚከፈቱበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

2. መታወቂያ ያዙ። የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ትጠየቃላችሁ። ወታደርና መንግሥት መሥሪያ ቤት ባለበት አካባቢ ካሜራ አታውጡ።

3. ጫማችሁ የለመዳችሁት ይሁን። ለማማር ተብሎ አዲስ ጫማ አድርጎ የወጣ ሰው አምስት ኪሎ ላይ ታክሲ ይጠራል። ክረምት ከሆነ ጃንጥላ አትርሱ።

4. ስልካችሁን ከኋላ ኪስ አውጡ። ግርግር ባለበት እጅ የሚረዝም ሰው አይጠፋም።

5. ወንዶች ሆይ፣ ለከፋ ይብቃ! አንዲት ሴት ብቻዋን ወክ ብትወጣ "እናድርስሽ?" የሚላት ሃያ ሰው ነው። ከተማዋ የእሷም ናት። እህቶቻችንም ብቻችሁን መሄድ ካልደፈራችሁ ጓደኞቻችሁን ሰብስቡ፤ ወክ የጥንዶች ብቻ አይደለም።

6. ሽማግሌ ስታዩ ሰላም በሉና ጠይቁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ብዙ ጎዳና ሰፍቷል፣ የእግረኛ መንገዱም ተስተካክሏል። በዚያው ልክ ፒያሳን ጨምሮ አሮጌ ሠፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ሌላ አካባቢ ሄዷል። "እዚህ ጋ ምን ነበር?" ብትሏቸው ሐውልት ያልቆመለትን ታሪክ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ሁልጊዜ አይገኙም።

እንግዲህ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኪሳችሁ ሳስቶ ከሆነ ስልካችሁን አንሱና ደውሉ። "ብር የለኝም፣ እግር ግን አለኝ" በሉ። ስድብ ከመለሰችላችሁ ወይም ከመለሰላችሁ፣ እሱንም ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። "የት እንገናኝ?" ካላችሁ ግን ሐውልቱ ጋ ነው፤ አራት ኪሎ። መልካም ወክ!